ለገዛ ነፍሳችን የምንነግራት ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከካዛንቺስ ሰፈር ሰፊው ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲነሣ፣ አብረውን ያስቀድሱ ከነበሩት ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማይቱ ዳርቻዎች መሄዳቸውን ታስታውሳላችሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከእነርሱ አንዲትን እናት ልጠይቅ ወደ ገላን ጉራ ወረድሁ። ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል፤ ከአርባ ዓመት በላይ በአንድ ግቢ፣ በአንድ የቀበሌ ቤት ኖረዋል። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ለውጫለሁ፤ ነገሩን እንድናገር ግን ራሳቸው ፈቅደውልኛል።

ቡና አፍልተው ሲያጠጡኝ ስለ ተሰጣቸው ቤት አላማረሩም። ያማረሩት ስለ ሌሊቱ ነው። «አባ፣ መብራቱን ካጠፋሁ በኋላ የሚናገረኝ አለ» አሉኝ። ደንገጥ ማለቴን አይተው ሣቅ አሉና «አይ፣ ጋኔን አይምሰልዎ፤ የምናገረው እኔው ነኝ» አሉ። «አንቺ ድሮስ ምን ነበርሽ? ዕድርሽ ተበተነ፤ ጎረቤትሽ ተበተነ፤ ዛሬ ብትሞቺ ማን ያውቅሻል? ከሰው ቁጥር ወጥተሻል፤ እያልሁ እስኪነጋ ድረስ ራሴን እወቅሳለሁ። ልቤ እንደ ከበሮ ይመታል።»

እኔም እንደ ልማዴ «አይዞዎት፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬ፣ ጸሎት አድርሼ፣ መስቀል አሳልሜ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ወደ ቂርቆስ ስመለስ ግን ለጠየቁኝ ነገር መልስ አለመስጠቴ ገባኝ። እኚያ እናት እግዚአብሔር መኖሩን አልተጠራጠሩም። የተቸገሩት በገዛ ድምፃቸው ነው። ይህ ጽሑፍ በዚያን ቀን ልናገረው ይገባኝ የነበረው ነው።

ሰው ሁሉ ከራሱ ጋር ይነጋገራል። ቋንቋችን ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ «በሆዴ አልሁ» እንላለንና። የሚያስጨንቀንን ነገር ለሰው መንገር ስንፈራም «ሆድ ይፍጀው» እንላለን፤ ነገር ግን ሆድ ብዙውን ጊዜ አይፈጀውም፤ ያቆየዋል፣ ያመላልሰዋል፣ ሌሊት ያወጣዋል። በመንገድ ላይ ድንጋይ ቢመታን፣ ሳህን ከእጃችን ቢወድቅ፣ አፋችን ላይ ቶሎ የሚመጣው «ወይኔ» ነው፤ ቃሉን ፈትታችሁ ብታዩት በራስ ላይ የሚለቀስ ለቅሶ ነው። በዚህ ክፉ ነገር የለም፤ ለቅሶም የራሱ ጊዜ አለው። የሚከፋው ግን ከ«ወይኔ» ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ «ድሮስ ከእኔ ምን ይጠበቃል»፣ «ዕድለ ቢስ»፣ «የማልረባ»። አበው «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላሉ። በእንጀራ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ በቃል ነገር ግን አብዛኞቻችን ለሌላው ሰፊውን ቆርሰን ለራሳችን ፍርፋሪውን እንኳ እንነፍጋለን። ጎረቤታችን ቢወድቅ «አይዞህ፣ ሰው ነህ» የምንለው ሰዎች ራሳችን ስንወድቅ እንዲያ ያለ ቃል ከአፋችን አይወጣም።

ይህ ቃል ከየት መጣ? ስለ ሰፈራችን ስም አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የኢጣልያ መንግሥት ለሠራተኞቹ መኖሪያ ይሠራበት ከነበረው ድርጅት ስም ነው፤ «ካዛ» ማለት ቤት ሲሆን «ኢንቺስ» ደግሞ የድርጅቱ ምኅፃረ ስም ነው። ወራሪው ሄደ፤ ስሙ ቀረ። እኛም ማን እንዳወጣው ሳንጠይቅ የራሳችን አድርገን «እኔ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ» እያልን ኖርንበት። ስለ ራሳችን በልባችን የያዝናቸው ብዙዎቹ ቃላት እንዲሁ ናቸው። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ተናግሯቸዋል፤ ተናጋሪው ሄዷል፣ ምናልባትም ሞቷል፤ እኛ ግን ቃሉን ዛሬም የራሳችን ድምፅ አድርገን እንናገረዋለን።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በዚህ ስፍራ በተለይ እንድትሰሙኝ እለምናችኋለሁ፤ የምናገረው በራሴ በደል ነውና። ክህነት በተቀበልሁ በሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያ ቁርባን የሚቀበሉ ሕፃናትን አስተምር ነበር። ዐሥር ዓመት ገደማ የሆነው አንድ ልጅ ጸሎተ ሃይማኖትን ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ተሳሳተ። ደክሞኝ ነበር፤ ይህ ግን ምክንያት አይሆንም። በጓደኞቹ ፊት «አንተን መቼም ሰው አይወጣህም» አልሁት። ልጆቹ ሣቁ፤ ትምህርቱም ቀጠለ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ወጣት ለምሥጢረ ተክሊል ሊዘጋጅ ወደ እኔ መጣ። በሁለተኛው ቀን «አባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለና፣ ፈተና ሲቀመጥም ሆነ ለሥራ ሲጠየቅ፣ አሁን ደግሞ የሰው ልጅ አምኖ ሊያገባ ሲል፣ ያ ቃል በገዛ ድምፁ እንደሚመላለስበት ነገረኝ። እኔ ረስቼው ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ከልቡም ይቅር አለኝ። ይሁን እንጂ ይቅርታው ቃሉን በአንድ ጊዜ አላጠፋውም፤ ለብዙ ሳምንታት እየተገናኘን ተነጋግረንበታል። ልጅ በስሕተቱ መታረም አለበት፤ «ይህን ተሳስተሃል፣ ድገመው» ማለትና «አንተ ስሕተት ነህ» ማለት ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው።

ቅዱስ መጽሐፍ ከራሱ ጋር በሚነጋገር ሰው የተሞላ ነው። ነቢዩ ኤልያስ በኤልዛቤል ዛቻ ሸሽቶ በምድረ በዳ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ከአባቶቹ እንደማይሻል ተናገረ፤ ሞቱንም ለመነ (1ነገ. 19)። እግዚአብሔር በዚያች ሰዓት አልተከራከረውም፤ አልገሠጸውምም። አስተኛው፤ መልአኩን ልኮ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ እንደገና አስተኛው፤ እንደገና አበላው። ጥያቄው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያልበላና ያልተኛ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረውን ፍርድ ማመን እንደማይገባ ከዚህ እንማራለን። እኔ ራሴ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስለ ክህነቴ የምደርስበትን ውሳኔ ሁሉ ቁርስ እስክበላ አቆየዋለሁ።

ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት በልቧ ያለችውን ወንጌላዊው ማቴዎስ መዝግቦልናል፤ የልብሱን ጫፍ ብቻ ብነካ እድናለሁ አለች (ማቴ. 9፡20-22)። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በልቧ ሌላ ነገር ስትል እንደ ኖረች መገመት አይከብድም። በአንጻሩ ደግሞ እህሉ የበዛለት ባለጠጋ ነፍሱን እያቆለጳጰሰ ብዪ፣ ጠጪ፣ ደስ ይበልሽ አላት (ሉቃ. 12፡16-21)፤ በዚያች ሌሊት ግን ነፍሱ ተፈለገች። እንግዲህ ለነፍስ መልካም መናገር ብቻውን አይበቃም፤ የሚነገራት ነገር እውነት መሆን አለበት።

የጠፋው ልጅ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀኛል። በእሪያዎቹ መካከል ሆኖ ለአባቱ የሚናገረውን ዐረፍተ ነገር አሰናዳ። ሦስት ክፍል ነበረው፤ በድያለሁ፤ ልጅህ ልባል አይገባኝም፤ ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ። መንገዱን ሁሉ እያጠናው እንደ መጣ አስባለሁ። አባቱ ፊት ሲደርስ ግን ቅዱስ ሉቃስ የጻፈልን ሁለቱን ብቻ ነው (ሉቃ. 15፡18-21)። ሦስተኛው አልተነገረም፤ አባቱ ልብስና ቀለበት አምጡ ብሎ ባሮቹን መጥራት ጀምሯልና። ልብ በሉ፤ አባትየው «አልበደልህም» አላለውም። ኃጢአቱን ሲናዘዝ ሰማው። ያላስጨረሰው፣ ልጁ በራሱ ላይ ወስኖ የመጣውን የአገልጋይነት ፍርድ ነው። ወደ ምሥጢረ ንስሐ ስንቀርብ የምንናገረው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው፤ ሦስተኛውን ይዘን ወደ ቤታችን የምንመለስ ግን ብዙዎች ነን። «በደልሁ» ማለት ትሕትና ነው። «እኔ ለምንም አልሆንም» ማለት ግን ምንም እንኳ ትሕትናን ቢመስል፣ አባት ስለ ልጁ በሚሰጠው ፍርድ ላይ ሌላ ፍርድ መስጠት ነው።

መዝሙረኛው ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳየናል። በ42ኛው መዝሙር (በግእዙ 41ኛው) ከመቅደስ ርቆ፣ እንባውን እየበላ፣ ሰዎች አምላክህ ወዴት ነው እያሉ ሲያላግጡበት፣ ነፍሱን እንደ ሁለተኛ ሰው ፊቱ አቁሞ ስለ ምን እንደምታዝን ይጠይቃታል፤ በእግዚአብሔር ተስፋ እንድታደርግም ይነግራታል። ኀዘኗን አልካደም፤ ብቻዋን እንድትናገር ግን አልተዋትም። በግብፅ በረሃ ይኖር የነበረውና በ399 እ.ኤ.አ. ያረፈው መነኵሴ ኤቫግሪዮስ ይህን መዝሙር ጠቅሶ ሲያስተምር፣ ተስፋ መቍረጥ ሲመጣ ነፍሳችንን በእንባ ለሁለት ከፍለን አንደኛይቱን አጽናኝ፣ ሁለተኛይቱን ተጽናኝ እናድርግ ብሏል። ለክፉ ሐሳብ መልስ የሚሆኑ 500 ያህል ቃላትንም ከቅዱስ መጽሐፍ ሰብስቦ ጽፏል። ይህን የተማረው ከጌታ ነው። ጌታ በዮርዳኖስ የምወደው ልጄ የሚለውን የአብን ድምፅ በሰማ ማግስት ፈታኙ «ልጅ ከሆንህ» እያለ መጣ፤ ጌታም ለዚያ «ከሆንህ» በተጻፈው ቃል መለሰለት።

በዘመናችንም ስለዚህ ነገር ብዙ ተጽፏል። ፈረንሳዊው የመድኃኒት ባለሙያ ኤሚል ኩዌ (1857-1926 እ.ኤ.አ.) ሰዎች በየማለዳው «በየቀኑ እየተሻለኝ ነው» እያሉ ደጋግመው ለራሳቸው እንዲናገሩ አስተምሮ በዓለም ሁሉ ስሙ ተሰማ። ዛሬም መስታወት ፊት ቆማችሁ «እኔ ድንቅ ነኝ» በሉ የሚሉ መጻሕፍት በየአዟሪው እጅ ይሸጣሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ በዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት ግን አንድ የሚያሳዝን ነገር አሳየ፤ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» የሚለውን ሲደጋግሙ ይበልጥ ከፋቸው። ምክንያቱ አይሰወርም። ያላመኑትን ውዳሴ ሲናገሩ በውስጣቸው ያለው ከሳሽ «ውሸታም» ይላቸዋል። በፊላዴልፊያ ያስተምር የነበረው ሐኪም አሮን ቤክ (1921-2021 እ.ኤ.አ.) ደግሞ የተከዙ ሕሙማኑን እያዳመጠ፣ ከሐዘናቸው በፊት በፍጥነት የምታልፍ አንዲት የራስ ፍርድ እንዳለች አስተዋለ። ሕሙማኑ ያችን ፍርድ ይዘው «እውነት ነውን? ማስረጃው ምንድር ነው?» ብለው እንዲመረምሯት አስተማራቸው እንጂ ራሳቸውን እንዲያወድሱ አላዘዛቸውም። በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመ ሌላ ጥናት የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ፣ በሰው ፊት ንግግር ሊያደርጉ የሚጨነቁ ሰዎች በልባቸው «እኔ» ከማለት ይልቅ ራሳቸውን በስማቸው ጠርተው «አንተ»፣ «አንቺ» ብለው ሲናገሩ ጭንቀታቸው እንደሚቀል አግኝተዋል። መዝሙረኛው ይህን ያለ ዩኒቨርሲቲ ያውቀው ነበር።

እኛ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ስም አለን። በተጠመቅን ጊዜ ካህኑ የጠራን ስም ነው። ወልደ ሚካኤል፣ ወለተ ማርያም፣ ገብረ መድኅን፣ አመተ ሥላሴ፤ እነዚህ ስሞች ስለ ሥራችን፣ ስለ ቤታችን፣ ስለ ኪሳችን የሚናገሩት አንዳች የለም፤ የማን እንደሆንን ብቻ ይናገራሉ። ብዙዎቻችን ግን ለተዝካር ካልሆነ አናነሣቸውም። ሰው በሕይወት ሳለ በዚያ ስም ራሱን ቢጠራበት ምን ይከለክለዋል?

ወደ ገላን ጉራ እንደገና ስሄድ ያቀረብሁት ምክር ይህን ያህል ነበር። በመጀመሪያ ሌሊት የሚመጣውን ነገር በቀን፣ በወረቀት ላይ እንድንጽፈው ጠየቅኋቸው፤ ራሳቸው ስለማይጽፉ እኔ ጻፍሁላቸው። «ከሰው ቁጥር ወጥተሻል» የሚለው ተጽፎ ሲነበብላቸው ዝም ብለው ቆዩና «እንዲህ ሲነበብ ያሳፍራል፤ ለጠላቴም አልለው» አሉ። ከዚያ የክርስትና ስማቸውን ጠየቅሁ። ለማስታወስ ጥቂት ጊዜ ወሰደባቸው፤ ወለተ ማርያም ነው። ቀጥለን መልስ ፈለግን። መልሱ እውነት እንዲሆን ተስማማን፤ «ምንም አልሆንሁም» የሚል አልገባበትም፤ ብዙ ሆነዋልና። የጻፍነው እንዲህ ይላል፤ «ወለተ ማርያም፣ ጨንቆሻል። ጎረቤቶችሽ ራቁ እንጂ አልሞቱም። የተጠመቅሽበትን ስም ማንም አላፈረሰውም። ነገ ለአንዷ ትደውያለሽ።» ልብ ሲመታ ደግሞ በዝግታ አየር እየሳቡና እየለቀቁ ከልጅነታቸው ጀምሮ በቅዳሴ የሚያውቁትን «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እንዲሉ፣ ቃሉን ግን እንዳያጣድፉት ነገርኋቸው።

ይህ ሁሉ ለብቻ እንደማይቻል አውቃለሁ። ክፍለ ከተማችን በስሙ የሚጠራበት ሰማዕቱ ቅዱስ ቂርቆስ ሦስት ዓመት የሆነው ሕፃን ነበር። በትውፊታችን እንደሚነገረው እናቱ ቅድስት ኢየሉጣ የሚፈላውን ውኃ ድምፅ፣ እንደ ነጎድጓድ የሚያስፈራውን፣ በሰማች ጊዜ ልቧ ራደ፤ ያጽናናትም ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣውን አምላክ ያስታወሳት ሕፃኑ ነው። ያች ታላቅ ቅድስት እንኳ በዚያች ሰዓት ራሷን ማጽናናት አልሆነላትም፤ ቃሉ ከሌላ አፍ መምጣት ነበረበት። እንግዲህ አንድ ሰው «ለራሴ መልካም መናገር አቃተኝ» ቢላችሁ እምነት አንሶት ነው አትበሉ። ለጊዜው እናንተ ተናገሩለት።

ጭንቀቱ ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ የሚከለክል፣ ከሥራ የሚያስቀር፣ ወይም ሞትን የሚያስመኝ ከሆነ ደግሞ ወደ ሐኪም መውሰድ ግዴታችን ነው። በከተማችን «አማኑኤል ገባ» የሚለውን ቃል ለስድብ ስንጠቀምበት ኖረናል፤ ሆስፒታሉ የሚጠራበት ስም እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት መሆኑን ብናስብ ባፈርን ነበር። ለስኳር ሕመም መድኃኒት የሚውጥ ምእመን ጸሎት እንዳልተወ ሁሉ ለጭንቀትም መድኃኒት የሚውጥ አልተወም።

በቅርቡ እኚያ እናት ከገላን ጉራ ተነሥተው፣ ሁለት ታክሲ ይዘው፣ ለቅዳሴ መጡ። ከቅዳሴ በኋላ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኋቸው። «አባ፣ መምጣቱን አልተወም» አሉ፤ «ግን አሁን ብቻውን አይናገርም።» ከቁርባን በፊት የመቶ አለቃውን ቃል ተከትለን ከቤቴ ጣራ በታች ልትገባ አይገባኝም፣ ነገር ግን ቃል ተናገር የምንለውን ጸሎት (ማቴ. 8፡8) አንሥተውም አጫወቱኝ። «ከቤቴ ጣራ ስል ትዝ የሚለኝ የካዛንቺሱ ቆርቆሮ ነው። የእኔ እንኳ ያልነበረ፣ የቀበሌ፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ! እርሱ ግን ስንት ዓመት ገብቶበታል» ብለው ሣቁ። እኔ ያን ጸሎት ከሃያ ዓመት በላይ ስደግመው «አይገባኝም» የሚለው ላይ እንጂ «ነገር ግን» የሚለው ላይ ቆሜ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ ወረቀት ፈትተው ሰጡኝ። የድሮ ጎረቤቶቻቸው፣ የዘጠኝ ሴቶች ስም ተጽፎበታል። ስድስቱ በስልክ ተገኝተዋል። የሦስቱን ስልክ የትምህርተ ክርስቶስ መምህሮቻችን እያፈላለጉ ነው።